በመቀስ የተጸለየ ግጥም

ወይዘሮ ተሻለች ካርዷን በጣታቸው አልነኳትም። በልብስ መቆንጠጫ ጫፍ ይዘው ከልጃቸው ኮት ኪስ አወጧትና ምሳ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰላጣው ሳህን አጠገብ ጣሏት።

«ይኼ ምንድነው፣ ሰይፈሚካኤል?»

እናቱ ሙሉ ስሙን የሚጠሩት ሲቆጡ ወይም ሲፈሩ ነው። አሁን የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። ካርዷ መዳፍ የምታህል ወፍራም ወረቀት ነበረች። ከየመጽሔቱና ከየመጽሐፉ በመቀስ የተቆረጡ ቃላት፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ደቃቅ፣ በኮላ ተለጥፈውባታል። ሲነበብ «እሳት የማይበላው እንጨት ሁን» ይላል።

«ሀሴት ናት የሰጠችኝ። መንገድ ስለማበዛ ያዛት ብላ።»

«እንጨት ሁን ብላ? እናት ልጇን ሰው ሁን ብላ ነው የምትመርቀው። እንጨት ሁን የሚሉት ምን ዓይነት ምርቃት ነው?»

«ግጥም ነው፣ እማዬ። ከድሮ ግጥሞች ላይ እየቆረጠች ነው የምትሠራው። ጥበብ ነው።»

«እኔ ባደግሁበት አገር የተቆራረጠ ጽሕፈት በሰው ኪስ የሚከት ሰው ጥበበኛ አይባልም። ሌላ ስም አለው።» ጎረቤት የሚሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እምነቷ እንደሆነ ከኛ አይገጥም። አባቷ ቤት እግርህ ረግጦ አያውቅም። በሹክሹክታ ታወራለች፣ በመቀስ ትጽፋለች። አንተ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ትዞራለህ። ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ሰይፈሚካኤል ሳቀ። ሠላሳዎቹን የተሻገረ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያምን ሰው አልነበረም። ሥራው ግን አንድ ነገር አስተምሮታል፤ ወረቀቱ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የተባለው ኮንቴነር ሲከፈት ስንቴ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኝቷል። እና ሳቁን ሳይጨርስ አንዲት ሐሳብ እንደ ብል ልቡ ውስጥ ገባች። በእርግጥ ስለዚህች ልጅ ምን አውቃለሁ?

*

ያወቃት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት፣ የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ የገባ ቀን ነው። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ አንገቷን በስስ ሻርፕ ሸፍና፣ አወሳሰዱን ነገረችው። አልሰማትም። ደገመችለት። አሁንም አልሰማም። ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ ጆሮውን ሲያቀርብላት፣ «በቀን አንዴ፣ ጠዋት» ያለችው ሹክሹክታ የመድኃኒት ትእዛዝ ሳይሆን ለእሱ ብቻ የተቀመጠ ምሥጢር መሰለው። መድኃኒቱ ሳያልቅ ተመልሶ ሄደ። ከዚያም ሌላ ሰበብ ፈልጎ ሄደ። በመጨረሻ ያለ ሰበብ ሄደ።

ሀሴት በአንድ ወቅት የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ነበረች። ብቻዋን ስታዜም አዳራሹ ፀጥ ይል ነበር ይባላል። ሦስት ዓመት ይሆናል፣ አንገቷ ላይ የወጣው እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የድምፅዋ ጅማት ተነካ። ከዚያ ወዲህ የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«ድምፄ ሲሄድ ጸሎቴም አብሮ ሄደ» ብላዋለች፣ ስለዚህ ነገር ባወሩባት አንዲት ቀን። «ለእግዚአብሔር የማቀርበው ሌላ ነገር አልነበረኝማ። አፌን ስከፍት የማፍር ሆንኩ።»

በዚያ የዝምታ ዘመኗ፣ መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ሽፋናቸው የወለቀ የግጥም መጻሕፍት መግዛት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት አንዱን ገልጣ ታነባለች። የሆነ ቃል ሲይዛት ትቆርጠዋለች። ከዚያ ሌላ ቃል እስኪመልስለት ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሥዕል የተማሩ ሰዎች ይህን ኮላዥ ይሉታል። እሷ ግን «ልመናዬ» ነበር የምትለው። ስትሠራ አሳይታው አታውቅም። ሊያይ በጠየቃት ጊዜ፣ «አንተ ስትጸልይ ቆሜ ልይህ ብልህ ደስ ይልሃል?» ብላ አፉን አስያዘችው።

በፍቅር ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሷ አባት አቶ ዲበኩሉ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የእሱ እናት ደግሞ ጾም የማያስታጉሉ፣ የሚካኤልን ወርኃዊ በዓል የማይዘነጉ ሴት። ሁለቱም ቤት «እሺ» ያለ ሰው የለም። ሰይፈሚካኤል ይህ ሁሉ አንድ ቀን ይስተካከላል እያለ ሲያባብላት፣ እሷ ዓይኖቿን ዝቅ አድርጋ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ያኔ ጨዋነት ነበር የሚመስለው። ከእናቱ ንግግር በኋላ ግን ዝምታዋም ከሚያስጠረጥሩት ነገሮች ተቆጠረ።

ደግሞ ሐሙስ አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ የላትም፤ ስልኳም አይሠራም። «የት ነበርሽ?» ሲላት «ልመና ላይ» ትላለች። አትዋሽም ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ግን ጸሎት ቤት ውስጥ ነው እንጂ ስልክ ዘግቶ የሚኬድበት ምን ጉዳይ ነው አለ ለራሱ።

ያንኑ ቀን ማታ ሳይመሽ ደወለላት።

«ያቺ ካርድ ምን ማለት ናት?»

«እናትህ አነበቧት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እሳቸው ያውቁታል። ጠይቃቸው።»

«እኔ አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

«አንተ ነህ የጠየቅከኝ ወይስ እሳቸው?»

ስልኩን ዘጋ። እሷም መልሳ አልደወለችም። ሁለቱም በየቤታቸው፣ ሌላኛው ምን እንደደበቀ ሲያሰላስሉ ሰነበቱ።

*

ሐሙስ ዕለት ከሞጆ በጊዜ ተመለሰ። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ጁስ ቤት ገብቶ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ወደ በረንዳው እየበተነ፣ ያዘዘውን ሳይጠጣ ተቀመጠ። በራሱ አፈረ፤ ግን አልተነሳም። ሀሴት ወጣች። ጋዋኗን አውልቃ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ በብብቷ ሰፊ የካርቶን ማኅደር ይዛለች። ባጃጅ ጠራች። እሱም ሌላ ባጃጅ ጠራ።

«ያቺን ተከተል» ሲል ሾፌሩ በመስታወት አየት አደረገውና፣ «ሚስትህ ናት ወንድሜ?» አለው።

ወደ ቦኩ በሚወስደው መንገድ፣ የኒም ዛፍ ያጠላበት አንድ ግቢ በር ላይ ወረደች። ሳታንኳኳ ገባች። ሳታንኳኳ መግባቷ ከሁሉ በላይ አቃጠለው። የራሷ ቤት ነው እንዴ?

በሩ አልተዘጋም ነበር። ገብቶ ዛፉ ሥር ቆመ። መስኮቱ ነፋስ እንዲያስገባ ተከፍቷል። ከውስጥ ትከሻው ሰፊ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሀሴት ከጎኑ ናት። የሰውየውን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች። ከፊታቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርቶን ተሰቅሏል፤ ቃላቱ ከርቀት ይነበባሉ። «ና»፣ «የምወድህ»፣ «ሳትዘገይ»፣ «ደጄ ክፍት ነው»። ከነዚህ አንዱ፣ የመጨረሻው፣ ግን የታተመ አልነበረም። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ደ»ን እንደዚያ ወደ ግራ የሚያጋድል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ።

ባለፈው ክረምት የጻፈላት ግጥም ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ለማስመታት ሲታገል የሰነበተበት፣ ከእሷ በቀር ለማንም አሳይቶት የማያውቅ። በመቀስ ተቆራርጦ የሌላ ወንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ሀሴት ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ትደነግጣለች ብሎ ጠበቀ። አልደነገጠችም። አዘነች። ያ የባሰ ነበር።

«አቤት፣ ማንን ፈልገህ ነው?» አለች ከጓሮ ልብስ ይዛ የመጣች ሴት። ጫልቱ ትባላለች፤ የቤቱ ልጅ ናት። እሱ ግን አልፏት ወደ ቤቱ በር ሄደ።

*

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለ በሩን ሳይሻገር።

ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። የፊታቸው ቀኝ ጎን ወደ ታች ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። በግራ እጃቸው አንዲት የተቆረጠች ቃል ይዘዋል። አዩትና «ኤዬ» አሉ።

«አባቴ ናቸው» አለች ጫልቱ ከኋላው ገብታ። «አቶ ወዬሳ። የሀሴት የመዝሙር መምህር ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ከአፋቸው የሚወጣው ይህቺ ብቻ ናት። በኛ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አዎ ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ለአይደለምም፣ ለራበኝም፣ ለደህና ዋሉም ኤዬ ነው የሚሉት። ሐሙስ ሐሙስ እሷ ስትመጣ ነው የልባቸውን የሚነግሩን።»

ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ትሪ አለ። ትሪው በቃላት ሞልቷል። ሽማግሌው በግራ እጃቸው እየፈለጉ ያነሳሉ፤ ሀሴት ኮላ ቀብታ ባሉበት ቦታ ትለጥፋለች። ድምፅዋን ያጣች ልጅና ቃላቸውን ያጡ መምህሯ አብረው የሚጸልዩት እንዲህ ነበር።

ሰይፈሚካኤል ይቅርታ መጠየቅ እንደነበረበት ያውቃል። ያፈረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከይቅርታ በፊት ቁጣ ይቀናዋል።

«እሺ፣ ይሁን። ግጥሜስ? ግጥሜን ለምን ቆረጥሽው?»

ሀሴት ተነሳች። ሁልጊዜ ስታወራ እሱ ነበር ጎንበስ የሚለው፤ ዛሬ እሷ ተጠጋችው።

«ጀንበር ብትጠልቅም ጨረቃ ብትወጣ፣ እጠብቅሻለሁ ንጋት እስኪመጣ» አለች። «ዓይኔ ካንቺ በቀር ሌላ ሰው አያይም፣ ደጅሽ ቆሜያለሁ ወዴትም አልሄድም።» ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሁሉንም ስንኝ፣ እሱ ራሱ የረሳቸውን ሳይቀር፣ አንድ ቃል ሳትስት በቃሏ ወጣችው። ሲያልቅ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር። «በቃሌ ያልያዝኩትን ግጥም መቀስ አላስነካም፣ ሰይፉ። የማልሳሳለትንም አልሰጥም። አንተን ይዤ ልመና ላይ ከረምኩ፤ ያለኝ ውድ ነገር ያ ነበርና ያንን ነው ያቀረብኩት።»

«ማንን ነው ታዲያ የምወድህ፣ ና የሚለው?»

«የምለምነውን።» ወደ ግድግዳው አላየችም፤ እሱን ነው ያየችው። «ካርዷንም እናትህ ያውቃሉ ያልኩህ ለሽሽት አልነበረም። ሙሴ ያየው፣ እሳት እየነደደበት ያልተቃጠለው ቁጥቋጦ ነው። የእመቤታችን ምሳሌ እያሉ ሲያከብሩት የኖሩትን እኔ ለሳቸው ላስረዳ? ያገናኘናል ብዬ ነበር ያንን የመረጥኩት። ወይ አላነበቡትም፤ ወይ የኔ እጅ ስለሆነ ማንበብ አልፈለጉም።»

ጫልቱ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል አባቷ በግራ እጃቸው ቀሚሷን ያዙ፤ ቀረች።

«አሁን እኔ ልጠይቅህ» አለች ሀሴት። «ከግጥምህ ውስጥ ያልለጠፍኩት አንድ ቃል አለ። ሦስት ሐሙስ አንስቼ መልሼዋለሁ።» ከትሪው ጥግ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈች ቁራጭ አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «እጠብቅሻለሁ» ይላል። «ስትጽፈው የትኛውን ማለትህ ነበር? ወዳጅ ወዳጁን እንደሚጠብቀው ነው? ወይስ ዘበኛ ሌባ እንደሚጠብቀው?»

ቁራጯ ወረቀት በእጁ ላይ ከበደችው። ያን ጊዜ የትኛውን እንዳሰበ ያውቃል። ዛሬ ጁስ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ፣ ከዚያ ዛፉ ሥር የሠራው የትኛውን እንደሆነም ያውቃል።

«ተከተልኩሽ» አለ በመጨረሻ። «እናቴን አልተቃወምኳትም። ልቤ ቀድሞ ጠርጥሮ ነበር፤ እሷ በር ከፈተችለት እንጂ።»

ሀሴት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ የሚሰማውን ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው። «እኔም እውነቴን ልንገርህ። አባቴ ቁርጡን አሳውቂኝ ብሏል። ወይ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ይዘሽው ነይ፣ ወይ ተዪው አለኝ። ይኼ ግድግዳ ላይ የምታየው ልመና ስለመጋባታችን እንዳይመስልህ። እንድተውህ አቅም ስጠኝ ብዬ ነበር የምለምነው። አንተን መተው እንዲሆንልኝ።»

«ሀሴት...»

«አልሆነልኝም። ሦስት ሳምንት ለመንኩ፣ አልሆነልኝም።» እንባዋ ወረደ። «ዛሬ መስኮቱ ላይ ዓይንህን ሳይ ግን ሆነልኝ። በአንዴ። እንደዚያ ስታየኝ፣ ለካ እችላለሁ አልኩ።»

ሰይፈሚካኤል ብዙ ሊል ይችል ነበር። ሊምል፣ ሊንበረከክ፣ የአባቷን ስም ጠርቶ ሊለምን። ቃል ሁሉ ወደ አፉ ሲመጣ ግን ርካሽ ሆኖ ታየው። ቁራጯን ወረቀት በመዳፉ እንደያዘ ቆመ።

አቶ ወዬሳ ትሪው ውስጥ መፈለግ ጀመሩ። ግራ እጃቸው ወረቀቶቹን ያምሳል፤ አንዱን ያነሳል፣ ይጥላል። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ጫልቱ ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ በክርናቸው ገፏት። በስተመጨረሻ አንዲት ደቃቅ ቃል አግኝተው በጣታቸው እየገፉ ወደ ሀሴት አቀረቡላት።

«ገና» ይላል።

ሀሴት አነበበችው። «ምኑ ነው ገና፣ ጋሼ? መተው ነው ገና? ወይስ መታረቅ?»

«ኤዬ» አሉ ሽማግሌው። በጤነኛው የፊታቸው ጎን እንባ ወረደ። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን አንስተው አጠገባቸው ያለውን ባዶ በርጩማ መታ መታ አደረጉ።

«ቁጭ በል እያሉህ ነው» አለች ጫልቱ።

ተቀመጠ። ሀሴትም ቆይታ ተቀመጠች፤ ከሱ ራቅ ብላ፣ በአቶ ወዬሳ ወዲያኛው ጎን። ሽማግሌው ቃል ያነሳሉ፣ እሷ ትለጥፋለች። ከአፍታ በኋላ የኮላውን ጠርሙስ ወደ ሰይፈሚካኤል ገፉለት። እሱም የተሰጡትን ቃላት ጀርባቸውን እየቀባ ሲያቀብል፣ እጁ አንዴም ከእጇ ጋር ሳይነካካ፣ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ያደገ ሰው ነው፤ እንዲህ ሆዱ ተገልጦ የጸለየበትን ቀን ግን አያስታውስም። የሚለምነውን እንኳ አያውቅም ነበር። እንዳይባረር ብቻ።

*

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብረው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ነፋሱ በርዷል። አንድ ባጃጅ ከሩቅ መጣ።

«እሁድ አባቴን ብቻዬን አነጋግረዋለሁ» አለች። «እንዳትመጣ። ሽማግሌም እንዳትልክ። ከዚያ በኋላ እደውልልሃለሁ። ወይ አልደውልም።»

«እሺ።»

ቀና ብላ አየችው። «እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።»

ከንፈሯ ላይ አንድ ነገር ሊከፈት ቃጣው፤ ፈገግታ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ ተመልሶ ተዘጋ። ባጃጁ ቆመ። ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ማኅደሩን ጭኗ ላይ አደረገች። ሰይፈሚካኤል ለሾፌሩ ወዴት እንደምትል ላለመስማት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ።

ሞተሩ ሲነሳ ዓይኑ እንደልማዱ ሊከተላት ፈለገ። ወደ ቤቷ ትታጠፍ ይሆን? ወደ ሌላ? ማን ይደውልላት ይሆን? ጥያቄዎቹ ተሰልፈው መጡ። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠና ፊቱን ከመንገዱ ዳር ወዳለ ግንብ አዞረ። የባጃጁ ድምፅ እየራቀ፣ እየሳሳ፣ ከከተማው ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ዞሮ አላየም። በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች ግንብ ፊት ቆሞ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው አይተው፣ መርዶ ሰምቶ ይሆናል ብለው ከንፈራቸውን መጠጡለት።

ቅናት ሲኖር ናፍቆት የሚደገፍበት ነገር አለው፤ የሚቆጣበት ሰው፣ የሚመረምረው ነገር አያጣም። ሰይፈሚካኤል ቅናት የሌለበት ናፍቆት ምን ያህል እንደሚያም ያወቀው ያን ቀን ነው።